የማይሰማው እግር ሲያቃጥል፤ ስለ አከርካሪ ጉዳት ሕመምና ስለ መድኃኒቱ አፈታተን

ከቡሬ ከተማ ተነሥቶ ወደ ዐባይ የሚወርደውን የነቀምትን መንገድ የሚከተል፣ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያቀና መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው አገር ሁሉ የእርሻ አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ስሙ በሩቅ የታወቀው የቡሬ በርበሬም ከእርሻው ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ በአብዛኛው በሰው ጕልበት ነው። ወንዱ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሴቲቱ እንጨቱንና ውሃውን በጀርባዋ ታመላልሳለች። ስለዚህ በዚህ አገር የገበሬ ሀብቱ ወገቡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ወገብ የሚሰበርበት አጋጣሚ ደግሞ ጥቂት አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲመለምል ቅርንጫፉ ከድቶት የሚወድቅ አለ፤ ጣራ ሲከድን የሚንሸራተት፣ ጕድጓድ ሲቈፍር አፈሩ የሚናድበት፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሲሄድ መኪናው የሚገለበጥበት፣ በጥይት የሚመታም አለ። እንዲህ ያለው አደጋ አጥንቱን ብቻ ሰብሮ ቢተው፣ አጥንት ይጠገናል። ነገር ግን በአከርካሪው አጥንት ውስጥ፣ ከአንጎል ወርዶ ለእጅና ለእግር ትእዛዝን የሚያደርስ፣ ከእጅና ከእግርም ስሜትን የሚያመጣ፣ ኅብለ ሰረሰር የሚባል ገመድ አለ። እርሱ ሲጐዳ እግር አልታዘዝ ይላል፤ ሽንትና ሰገራም ከፈቃድ ውጭ ይሆናሉ። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ሊጻፍ ይቻላል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልናነሣው ያሰብነው ከዐይን ተሰውሮ ስለሚኖረው ነገር፣ ይኸውም አደጋው ካለፈ በኋላ ለወራትና ለዓመታት ሳይለቅ ስለሚቀረው ሕመም፣ ለእርሱም የሚሰጡት መድኃኒቶች እንዴት እየተፈተኑ ጥቅማቸው እንደሚታወቅ ነው።

እንበልና በቡሬ ዙሪያ የሚኖር አንድ ጐልማሳ ከዛፍ ወድቆ ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ቁስሉ ድኖ፣ በሰው ሸክም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቤተ ሰቡም ነፍሱን ስላተረፈለት እግዚአብሔርን አመስግኖ ተቀበለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ማቃሰት ይጀምራል። «እግሬ ነደደ፤ በርበሬ እንደ ነሰነሱበት ቁስል ይለበልበኛል» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ቀርቦ፣ «አያ፣ ብንቈነጥጥህ አትሰማ፣ እሳት ቢነካህ አታውቅ፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚያቃጥልህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሚስቲቱም እንቅልፍ አጥታ ታነጋለች። አንዱ ጎረቤት፣ «ሐሳብ ነው እንጂ ሕመም አይደለም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ፣ «ሰው እንዲያዝንለት ነው» ብሎ ያማዋል። እንግዲህ በሽተኛው ሁለት ሸክም ተሸከመ ማለት ነው፤ አንደኛው ሕመሙ ነው፤ ሁለተኛው የሚያምነው ሰው ማጣቱ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ እኛ አንፈርድም።

የታናሽ ወንድሙ ጥያቄ ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሊቃውንትም ብዙ የደከሙበት ነው። መልሱም እንዲህ ነው። ሕመም የሚታወቀው በአንጎል ነው፤ እግር መልእክተኛ ብቻ ነው። መልእክቱ የሚያልፍበት ገመድ በመካከሉ ሲቈስል ከታች የሚመጣው እውነተኛ ወሬ ይቋረጣል። ነገር ግን በቁስሉ አጠገብና ከቁስሉ በላይ ያሉት ነርቮች ዝም አይሉም፤ መልእክት ሳይመጣላቸው ራሳቸው ይጮኻሉ። ራዲዮ ከጣቢያው ሲለይ ንግግሩ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ እንደሚቀር ማለት ነው። አንጎልም ያንን ጩኸት ከእግር እንደ መጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ የማይሰማው እግር ያማል፤ ሕመሙም እውነተኛ ሕመም ነው። ኅብለ ሰረሰራቸው ከተጐዳባቸው ሰዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ይህ የነርቭ ሕመም እንደሚገኝ በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ያሳያሉ።

ከዚህ የተለየ ሌላ ሕመም ደግሞ አለ። በምርኩዝ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እጁ የእግሩን ሥራ ስለሚሠራ ትከሻው ይጐዳል፤ የደነዘዘው እግርም በድንገት እየተኰማተረ ያስቸግራል። የትከሻው ሕመም በዕረፍትና በተለመደው ማስታገሻ ሊበርድ ይችላል፤ የነርቩ ሕመም ግን ራስ ምታትን በሚያስታግሠው ኪኒን እምብዛም አይበገርም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ ጋ ያምዎታል? እንዴትስ ያምዎታል?» ብሎ ነው። የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነው ካሉት፣ የነርቭ ሕመም መሆኑን ይጠረጥራል።

የጥንት ሐኪሞች በዚህ ጉዳት ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በግብፅ በተጻፈ የሕክምና ጥቅልል ላይ፣ አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩ የደነዘዘበት ሰው ከማይታከሙት ተቈጥሮ ይገኛል። ይህም ፍርድ ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ ሳይሻር ኖረ። የሻረው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አንባቢዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. የዊንጌት ጦርና የጎጃም አርበኞች የቡሬን ምሽግ አስጨንቀው ጣልያን ምሽጉን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሽቷል። ያው ጦርነት በሌላው ዓለም ገና ሳያበቃ፣ በ1936 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባል ስፍራ አከርካሪያቸው ለተመታ ወታደሮች ልዩ የሕክምና ክፍል ተከፈተ። ሹሙም ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የመጡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። እርሳቸው በሽተኛው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ሽንቱም በንጽሕና እንዲወጣ አዘዙ፤ በአልጋ ላይ ሞቱን ይጠብቅ የነበረውንም ወታደር ቀስት አስይዘው ወደ ጨዋታ ሜዳ አወጡት። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞች በዚያ ሐኪም ቤት ግቢ በቀስት ተወዳደሩ።

ወደዚሁ ሐኪም ቤት ከኢትዮጵያ የሄደውን ሰው የማያውቅ የለም። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶንን ድል የነሣው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አንገቱ ላይ ተጐዳ፤ ወደ ስቶክ ማንደቪልም ተወስዶ ለወራት ታከመ። እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እርሱም በወንበሩ ላይ ሆኖ በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በቀስት ተወዳደረ፤ በኖርዌይም በውሻ በሚጐተት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ገባ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ያነሣነው ለዝና አይደለም። የጉትማን ሥርዐት በሽተኛውን ከሞት አተረፈው፤ ዕድሜውንም አረዘመለት። ዕድሜው ሲረዝም ግን ሕመሙም አብሮት ይቈያል። ስለዚህ ሐኪሞች ከዚያ ወዲህ ለሕመሙ መድኃኒት ወደ መፈለግ ገቡ።

ያገኙትም መድኃኒት በመጀመሪያ ለዚህ ነገር የተሠራ አልነበረም። አሚትሪፕቲሊን የተሠራው ለድባቴ፣ ማለት ሰውን ከሥራና ከምግብ ለሚለይ ለከባድ ኀዘን በሽታ ነው። ጋባፔንቲን ደግሞ ለሚጥል በሽታ ነው፤ ፕሪጋባሊንም የእርሱ ዘመድ ነው። የሚጮኹትን ነርቮች ጸጥ ያሰኙ ይሆናል በማለት ሐኪሞች ከሌላ በሽታ ተውሰው ለነርቭ ሕመም አመጧቸው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ይሆናል» ማለት «ሆነ» ማለት አይደለምና መፈተን አስፈለገ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ሕመም እንደ ስብራት ታይቶ የሚለካ አይደለም። አንዳንድ ሳምንት ራሱ ይብሳል፤ አንዳንድ ሳምንት ራሱ ይቀላል። ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በባሰበት ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ምንም ባይሰጠው እንኳ በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀለው ይችላል። ተስፋም ራሱ ሕመምን ያበርዳል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሐኪም በመልካም ቃል የሰጠው ኪኒን፣ በውስጡ ዱቄት ብቻ ቢኖር እንኳ፣ ለአንዳንዱ እንቅልፍ ይሰጠዋል። እንግዲህ «እኔ ውጬው ተሻለኝ» የሚለው የአንድ ሰው ምስክርነት፣ ሰውዬው ሳይዋሽ እንኳ ሊያሳስት ይችላል። በገበያ «ለወገብ ፍቱን ነው» እየተባለ የሚሸጠው ሥርና ቅጠል ሁሉ የሚቆመው እንዲህ ባለ ምስክር ነው፤ ያለ ፈተና የሚሰጥ ኪኒንም ቢሆን ከዚህ አይሻልም።

ፈተናው የሚደረገውም በዕጣ ነው። ፈቃደኛ የሆኑትን በሽተኞች ሰብስበው ዕጣ ይጥሉላቸዋል፤ እኵሌቶቹ መድኃኒቱ፣ እኵሌቶቹ በመልክም በመጠንም መድኃኒቱን የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን ይደርሳቸዋል። የትኛው ለማን እንደ ደረሰ በሽተኛው አያውቅም፤ የሚጠይቀውና የሚመዘግበው ሐኪምም አያውቅም። ምስጢሩ በሌላ እጅ ተዘግቶ ይቀመጣል። በሽተኛው በየቀኑ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቍጥር ይመዝናል፤ 0 ሕመም የለም ማለት ነው፤ 10 ሊታሰብ የሚችል የመጨረሻው ሕመም ነው። ሳምንታቱ ሲፈጸሙ ምስጢሩ ይከፈትና የሁለቱ ወገን ቍጥር ይተያያል። ዳኛ የባለጉዳዮቹን ስም ሳያውቅ ቢፈርድ ፍርዱ እንደሚጠራ ሁሉ፣ የዚህም ፍርድ በዚህ ይጠራል። በአገራችንም አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከረው የምርምር ሥነ ምግባር ጉባኤና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲፈቅዱ ነው፤ በሽተኛውም ነገሩ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ወድዶ ካልፈረመ አይገባበትም፤ ከገባም በኋላ ቢፈልግ መውጣት ይችላል፤ ስለ ወጣም ሕክምናው አይቀርበትም።

ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱን በዝርዝር እንንገራችሁ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2006 የታተመው፣ በአውስትራሊያ የተደረገው ነው። አከርካሪያቸው ተጐድቶ የነርቭ ሕመም የያዛቸው 137 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለ12 ሳምንት እኵሌቶቹ ፕሪጋባሊን፣ እኵሌቶቹ አምሳያውን ወሰዱ። ሲጀምሩ የሁለቱም ወገን ሕመም ተቀራራቢ ነበር፤ መድኃኒቱ የደረሳቸው አማካኝ 6.54፣ አምሳያው የደረሳቸው 6.73 ነበር። በመጨረሻው የመድኃኒቱ ወገን ወደ 4.62 ወረደ፤ የአምሳያው ወገን 6.27 ላይ ቀረ። እንቅልፋቸውም ተሻሻለ። በሌላ በኩል ግን ብዙዎቹን ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው፤ ራሳቸውንም አዞራቸው። ከዚህ በኋላ ከ200 በላይ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች የተሳተፉበት ሌላ ፈተና ተደርጎ ውጤቱ ያንኑ ስለ መሰከረ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 ፕሪጋባሊን ለዚህ ሕመም እንዲሰጥ ፈቀደ።

ቍጥሩን ቸኵለን እንዳናልፈው። ከ6.54 ወደ 4.62 መውረድ ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሲሶው ሊነሣለት ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ይህም አማካኝ ነው፤ አንዱ እጅግ ይቀለዋል፤ ሌላው ምንም አያገኝበትም። በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት የነርቭ ሕመም መድኃኒት ፈተናዎችን ሁሉ ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ፕሪጋባሊን ከሚወስዱ ስምንት ያህል ሰዎች መካከል በአምሳያው ከሚገኘው በላይ ሕመሙ በግማሽ የሚቀልለት አንድ ሰው እንደሆነ አስልተዋል። ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። እኛ ግን ለዚያ ለአንዱ ሰው፣ ለዓመት እንቅልፍ ላጣውም፣ ለሚስቱም፣ ግማሹ ሕመም መሄዱ ትንሽ ነገር ነው አንልም። ትልቁ ጥያቄ ያ አንዱ ሰው ማን እንደሆነ እንዴት እንወቅ የሚለው ነው፤ ወደ እርሱም እንመለሳለን።

አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ስለሆነና በአገራችን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ለገጠሩ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። የእርሱ ፈተና ግን ለፍርድ ያስቸግራል። በ2002 በአሜሪካ የታተመው ፈተና 84 ሰዎችን ለ6 ሳምንት ሲያይ፣ አሚትሪፕቲሊን ከአምሳያው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ፈተና አንድ ብልኀት ነበረ። አሚትሪፕቲሊን አፍን ያደርቃልና በሽተኛው በአፉ መድረቅ መድኃኒቱ እንደ ደረሰው ሊያውቅ ይችላል፤ እንዳያውቅም አምሳያው ራሱ አፍን የሚያደርቅ ሌላ መድኃኒት ሆነ። በ2007 የታተመው ሌላ የአሜሪካ ፈተና ደግሞ ጥቂት ሰዎችን ይዞ አሚትሪፕቲሊንን ከጋባፔንቲንና ከአምሳያ ጋር ሲያስተያይ፣ ከሕመሙ ጋር ድባቴ ለበረታባቸው አሚትሪፕቲሊን በልጦ ተገኘ። በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ነገር ሊተኰርበት የሚገባ ነው። በአልጋ ላይ የዋለ ሰው ኀዘኑንና ሕመሙን ለይቶ ለሐኪም የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነውና፣ ከምግብ መከልከሉን፣ ዝምታ ማብዛቱን፣ «ምነው በሞትሁ» ማለቱን ቤተ ሰቡ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ቢነግር፣ የመድኃኒቱን ምርጫ ሊለውጠው ይችላል።

ስለ ጋባፔንቲን በቱርክ አገር በ2004 የታተመ ፈተና 20 ሰዎችን ይዞ፣ እያንዳንዱ ሰው በአንዱ ወራት መድኃኒቱን፣ በሌላው ወራት አምሳያውን እንዲወስድ አድርጎ፣ መድኃኒቱ በተወሰደበት ወራት ሕመሙ ቀልሎ ተገኘ። ስዊድናውያን ደግሞ በ2009 ትራማዶልን በ35 ሰዎች ፈተኑ፤ ሕመሙን ቀንሷል፤ ነገር ግን ከወሰዱት ብዙዎቹ የሚያመጣውን ሌላ ችግር ሊችሉት ስላልቻሉ አቋረጡት። ትራማዶል ከዚህም በላይ ሱስ የሚያስይዝ፣ ትንፋሽንም የሚያደክም መድኃኒት ነው። በየከተማው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመደብር ለሚገዙት ወገኖቻችን ይህን ደጋግመን ብንነግር ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትልቁ ፈተና መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ይነግረናል፤ በአልጋው ላይ ላለው ለዚያ ለቡሬው ጐልማሳ ይጠቅመው እንደሆነ ግን አይነግረንም። ለእርሱ የሚሆነው ሌላ ትንሽ ፈተና ነው፤ እርሱም በሐኪሙ ትእዛዝ በገዛ ቤቱ የሚደረግ ነው። ሐኪሙ አንዱን መድኃኒት መርጦ በትንሽ መጠን ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ጥቂት ሳምንታትም ይጠብቃል። ከቤቱ የሚፈለገው መለኪያ ነው። መለኪያ ከሌለ ግን በሽተኛው ከሁለት ወር በኋላ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ያለፈውን ሌሊት ብቻ አስታውሶ ነው።

ለዚህ ሚዛን ገንዘብ አይፈልግም። ዐሥር የባቄላ ፍሬ በአንድ ስኒ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ማታ ማታ ከራት በፊት በሽተኛው ስኒውን ይቀበልና የዋለበትን ሕመም አስቦ በዚያው ልክ ፍሬ ያወጣል፤ ምንም ካላመመው ምንም አያወጣም፤ ሊቻል የማይችል ከሆነበት ዐሥሩንም ያወጣል። ከቤት ተማሪ ልጅ ካለ ቍጥሩን ከቀኑ ጋር በደብተሩ ይጻፍ፤ በአጠገቡም አባቱ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደ ነቃ፣ ቀን ተደግፎ ለመቀመጥ እንደ ቻለ፣ ራሱን አዙሮት እንደሆነ ይጨምርበት። መጻፍ የሚችል ከሌለ በከሰል በግድግዳ ላይ ጭረት ማድረግም ያው ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት እንዲህ ቢቈጠር መነሻው ይታወቃል። የሰባቱ ቀን ቍጥር ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል የሳምንቱ ሕመም ይገኛል፤ ይህን ለልጁ የሒሳብ ትምህርት አድርጎ መስጠት ነው። በሳምንት 7 የነበረው ወደ 5 ቢወርድና እዚያው ቢቈይ፣ ሐኪሞች ሲሶ ያህል መቀነሱን እንደ እውነተኛ ጥቅም ይቈጥሩታል፤ ግማሽ ከቀነሰ ትልቅ ጥቅም ነው። ምንም ካልወረደ ግን መድኃኒቱ ለዚህ ሰው አይሆንም ማለት ነውና፣ ሌላ ይሞከርለታል እንጂ ለዓመታት የማይጠቅመውን እየዋጠ አይኖርም።

በዚህ ጊዜ ለቤተ ሰቡ የምንሰጠው አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ፍሬውን ሲያወጣ አትምሩት። «ዛሬስ ተሽሎሃል አይደል?» የምትል ሚስት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን እርሷን ላለማሳዘን ሦስት ፍሬ ያስቀርባታል። «መድኃኒቱ ይህን ያህል ገንዘብ ፈጅቷል» የሚል ወንድም ደግሞ ሌላ ሁለት ያስቀርበታል። በትልቁ ፈተና ሐኪሙ ራሱ ምስጢሩን እንዳያውቅ የተደረገው ስለዚህ ነው፤ በቤትም ስኒውን አቀብሎ ዝም ማለት ይሻላል።

ሕመሙ በድንገት ከሦስት ወደ ስምንት የዘለለ እንደሆነ፣ ወደ ኪኒኑ ከመሮጥ በፊት ሰውነቱን መመልከት ነው። የማይሰማ ሰውነት ችግሩን የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው፤ የሽንት ፊኛ ከሞላ ወይም ሽንቱ ከተመረዘ፣ ሆድ ከደረቀ፣ በመቀመጫው ወይም በተረከዙ ቁስል ከወጣ፣ ጥፍሩ ወደ ሥጋ ከገባ ማቃጠሉ ይብሳል። ትኵሳት ካለ፣ ሽንቱ ከሸተተ፣ ወይም አንገቱና የላይኛው ጀርባው ተጐድቶ የነበረ ሰው ፊቱ ቀልቶ ከባድ ራስ ምታትና ላብ ከመጣበት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል።

ሙቀት ያስታግሥለታል ብለው የጋለ ድንጋይ ወይም ፍልውሃ በጠርሙስ አድርገው በእግሩ ላይ የሚያኖሩ አሉ፤ በብረት የሚተኵሱም አይጠፉም። እግሩ የእሳቱን ትኵሳት አይሰማምና ሥጋው እስኪበስል ድረስ ዝም ይላል፤ ያ ቁስልም ለወራት አይድንም። ጠበል የሚሄዱትን በተመለከተ፣ ጠበሉ ኪኒኑን እንዲተዉ አያስገድዳቸውምና ኪኒናቸውን ይዘው ይሂዱ። ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን በአንድ ቀን ሲቋረጡ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ ጭንቀት፣ አልፎ አልፎም መንዘፍዘፍ ያመጣሉና የሚተዉት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሽንትን ይይዛል፤ ሆድንም ያደርቃል፤ ፊኛው ድሮውንም ለማይታዘዝለት ሰው ይህ ከባድ ነገር ስለሆነ ለሐኪሙ አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአንዱን በሽተኛ ኪኒን ወገቡን ለሚያመው ጎረቤት ማካፈልም ደግነት አይሆንም። ከጠላና ከአረቄ ጋር የሚወስዳቸው ሰው እንቅልፉ ከልክ በላይ ይከብዳል፤ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል።

ቡሬ ከባሕር ዳር 148፣ ከአዲስ አበባ 411 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአዲስ ጉዳትና ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ መላክ የተለመደ ነው፤ በጥቁር አንበሳ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ከጀመሩ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ሆኗል፤ በዚህም የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ረድቷል። የሕመሙን መድኃኒት ለመከታተል ግን በየወሩ ይህን ያህል መንገድ መሸከም አያስፈልግም፤ በቅርብ ያለው የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሊከታተለው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀኖች ስለ ነበሩ፣ ኪኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መላክ፣ መንገድ ቢዘጋም በቀረው ኪኒን እንዴት እየቀነሱ እንደሚቈዩ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በሽተኛውን ሳያጓጕዙ ዘመድ ብቻ የሚላክ እንደሆነ፣ የኪኒኑን ባዶ ሽፋን፣ ከሐኪም ቤት የተሰጠውን ካርድና ያንን የልጁን ደብተር አብሮ ይያዝ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሳምንት ቍጥር ከመጨረሻው ሳምንት ጋር አስተያይቶ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይም ይቀንሳል፣ ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል።